ዙሩ ይቅርባችሁ፦ ከልጆች ጋር በተራራ ግድብ ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሕፃን ካለቀሰባችሁ አትውጡ፤ እዚሁ አባብሉት። እኔ ለምጄዋለሁ።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ጉዞ ነው። በተራሮች መካከል ወንዝ ተገድቦ የተኛ ሰፊ ውሃ አለ። ዳር ዳሩን የእግር መንገድ ይዞራል። ከመንገዱ ከፍ ብሎ የገበሬ መንደሮች ተቀምጠዋል። ቤተሰብ ይዞ ሃይኪንግ መውጣት ለጀመረ ሰው ከዚህ የተመቸ ቦታ አላውቅም። ጫፍ ካልወጣን ብሎ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ውሃ አለ፣ ከብት አለ፣ ሰላም የሚል ሰው አለ። ልጅ የሚወደው ይህንኑ ነው። እኛ ቆመን «እንዴት ያምራል!» ስንል እሱ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ይለቅማል።

ምክሬን ከፊት ላስቀድም። ዙሩን ተዉት። ውሃውን ዞሬ ልጨርስ ብላችሁ አትውጡ። አንድ የውሃ ክንድ ምረጡ፣ አንድ መንደር ምረጡ፣ በሄዳችሁበት መንገድ ተመለሱ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ክብ ነው። ዳሩን ይዞ የሄደ ሰው የት እንዳለ ያውቃል። የግድብ ሐይቅ ግን የሸለቆውን ቅርጽ ይይዛል። ውሃው ዋናውን ሸለቆ ሲሞላ፣ ከጎን የሚገቡትን የትንንሽ ጅረቶች ሸለቆም አብሮ ይሞላል። ከላይ ሲታይ ቅርንጫፍ ያወጣ ዛፍ ይመስላል። እነዚያን ቅርንጫፎች ነው ክንድ የምላቸው። አንዱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ማዶውን ስታዩ ድንጋይ ብትወረውሩ የሚደርስ ይመስላችኋል። በእግር ለመድረስ ግን ክንዱን እስከ ጥጉ ገብታችሁ በሌላው በኩል መውጣት አለባችሁ። ከዚያ ደግሞ የሚቀጥለው ክንድ አለ።

ይህን የተማርኩት ከልጆቼ ጋር ነው። ትልቋ ያኔ 6 ዓመቷ ነበር። ታናሿን አዝያታለሁ። ጠዋት ስንነሳ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከሰዓት በኋላ አንድ መታጠፊያ ላይ ማዶ ያቆምነው መኪና ታየን። ቀይ ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት ያበራል። ልጄ «አየሁት! ደረስን!» ብላ ዘለለች። ከዚያ በኋላ 2 ሰዓት ሙሉ ሄድን። አንዱን ክንድ ገብተን ስንወጣ መኪናው እዚያው ነው። ሌላውን ገብተን ስንወጣ አሁንም እዚያው ነው። ሦስተኛው ላይ ልጄ መንገዱ መሐል ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ መኪናው ይሸሻል እኮ» አለችኝ።

የዚያን ቀን መመለስም አልቻልንም። ዙር ክፋቱ ይሄ ነው። ግማሹን ካለፋችሁ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም ያው ነው። አቋራጭ የለውም፤ መሐሉ ውሃ ነው። ደርሶ መልስ ስትሄዱ ግን ልጁ በደከመበት ደቂቃ ጀርባችሁን ታዞራላችሁ፤ በቃ። ደግሞ ያው መንገድ ሲመለሱበት ያው አይደለም። ልጆች «ያቺ ድንጋይ! ያቺ ጥቁር ላም!» እያሉ የሚያውቁትን ነገር እየቆጠሩ ይመለሳሉ። የሚያውቁት መንገድ ያሳጥርላቸዋል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ቀላል ስሌት አወጣ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዙ። በላዩ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። እስከዛሬ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ግን ስሌቱ ለጠንካራ አዋቂ ነው፤ ዕረፍት አልተቆጠረበትም። እኔ ከ6 ወይም ከ7 ዓመት ልጅ ጋር ስሄድ የወጣውን ሰዓት በሁለት አባዛዋለሁ። ከ4 ዓመት ልጅ ጋር ከሆነ ስሌቱን እተወዋለሁ። የ4 ዓመት ልጅ የጉንዳን ሰልፍ ካየ ጉዞው እዚያ ነው። ጎትታችሁ አታስነሱት። እናንተም ጎንበስ በሉ።

አሁን ይህን ባዶ ሃይላንድ እዩልኝ። በመርፌ ሦስት ቦታ እበሳዋለሁ። አንዱን ከላይ፣ አንዱን መሐል ላይ፣ አንዱን ከታች። ቀዳዳዎቹን በጣቴ ይዤ ውሃ እሞላዋለሁ። አሁን ልልቀቀው። ልጆች፣ ወደፊት ኑ። የትኛው ነው አጥብቆ የሚገፋው?

የላይኛው ወዲያው ተንጠባጠበ። የታችኛው ግን ተፈናጠረ። ከላዩ ያለው ውሃ ሁሉ ተጭኖበታላ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። 10 ሜትር ስንወርድ የሚጨመረው ግፊት፣ ባሕር ዳር የቆመን ሰው መላው አየር ከሚጫነው ጋር እኩል ነው። ለዚህ ነው ብዙ ግድቦች ከሥራቸው ወፍረው ወደ ጫፋቸው የሚቀጥኑት። ይህን ከማየቱ በፊት ግድብ ለልጅ ረጅም ግድግዳ ነው። ካየ በኋላ ግን ግድቡ ጋ ሲደርስ እጁን ሲሚንቶው ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ይገፋል» ይላል። አንዳንዱ ግድብ ደግሞ ቀጭን ሆኖ ወደ ውሃው የደገነ ነው። እንደ ቅስት ግፊቱን ግራና ቀኝ ወዳለው አለት ያስተላልፈዋል። ደጋኑ ወደ ውሃው ነው ወይስ ወደ ማዶ? ብላችሁ ጠይቁት። ሮጦ ያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ዳር ሽርሽር አትቀመጡ። ማስተንፈሻው ሲከፈት ወይም ተርባይን ሲነሳ ውሃው ባልጠበቃችሁት ደቂቃ ይሞላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከዝናብ ጋር አይገናኝም። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ካለ አንብቡት፤ ለልጆቹም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ወደ መረጥነው ክንድ እንመለስ። የክንዱ ጥግ ላይ ጅረት ይገባል። ጅረቱ እየሮጠ አፈርና አሸዋ ተሸክሞ ይመጣል። ከተኛው ውሃ ጋር ሲገናኝ ይቆማል፤ ሸክሙንም እዚያው ያራግፋል። ደለል የምንለው ይህ ነው። በዓመታት ውስጥ እየተቆለለ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ቦታ ይሠራል። ወፎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ከመንደሩ የሚወርደው የከብት መንገድም ብዙ ጊዜ እዚያ ይገናኛል። ለልጅ ከዙሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቦታ ነው።

አደገኛውም ይኸው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

የግድብ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲወርድ በዳሩ ሣር የሌለው ራቁት መሬት ይተዋል። ከላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ይመስላል። ሕፃን ሲያየው ሜዳ ነው። ከቅርፊቱ በታች ግን ገና ያልረጋ ጭቃ ሊኖር ይችላል። እኔ በዱላ ወግቼው ዱላው እስከ እጄ ድረስ ገብቷል። ለልጆቼ የሰጠኋቸው ሕግ አጭር ነው፦ ሣሩ ካለቀበት አትለፉ። ሣር የሌለበት መሬት የውሃው ነው፤ ለጊዜው ትቶት ሄዷል፣ ይመለስበታል። የ3 ዓመት ልጅ እንኳ ይህን ይረዳል። ድንበሩን በዓይኑ ያየዋላ።

ጭቃ ውስጥ እግሩ የተያዘ ልጅ ካጋጠማችሁ ሮጣችሁ አትግቡ። ሁለታችሁም ትያዛላችሁ። ልጁን «ወደኋላ ተቀመጥ፣ ከዚያ ተኛ» በሉት። ክብደቱ ሲሰፋ መስመጡ ይቆማል። ከዚያ ዱላ፣ ገመድ ወይም ጃኬት ወርውሩለት።

ስለ መዋኘት ከጠየቃችሁኝ መልሴ አይሆንም ነው። ዳሩ ብዙ ጊዜ የተራራ ገደል ስለሆነ ሁለት እርምጃ ሲገቡ ጉልበት ላይ የነበረው ውሃ ከራስ በላይ ይሆናል። ፀሐይ የምታሞቀው የላዩን ብቻ ነው፤ ሥሩ ቀዝቃዛ ነው። ሰውነት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ልጅ ሲሰጥም አይጮህም። እጁን አያውለበልብም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በጆሯችሁ አትተማመኑ።

እኛ ቤት እንዲህ እናደርጋለን። ውሃ ዳር ስንቀመጥ አንድ አዋቂ ውሃ ጠባቂ ይሆናል። ስልክ አይነካም፣ መክሰስ አያቀርብም፣ ወሬ አይዝም። በየ20 ደቂቃው ተራ እንቀያየራለን። ተራው ሲተላለፍ «ያዝኩ» መባል አለበት። ሁሉም ሰው እያየ ነው ሲባል ማንም አያይም። ይህን ብዙ ቤተሰብ ጋ አይቼዋለሁ፤ እኛም ጋ ሆኖ ያውቃል።

አሁን ወደ መንደሩ እንውጣ።

በሰሜን ጣሊያን፣ አልፕስ ተራሮች ውስጥ፣ ሬሸን የሚባል የግድብ ሐይቅ አለ። ከውሃው ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ብቻውን ብቅ ብሎ ይታያል። ማማው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዙሪያው ግራውን የሚባል መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ውሃው ሲሞላ ከ160 በላይ ቤቶች ጠፉ። አዲሱ ግራውን ከፍ ብሎ ተሠራ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌዲባወር የሚባል ግድብ ሁለት መንደሮችን ዋጠ፤ ደርወንትና አሾፕተን። ድርቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የደርወንት ፍርስራሽ ከጭቃው ብቅ ብሎ ታይቷል።

ሁሉም ግድብ መንደር አስጥሟል ማለቴ አይደለም። ግን ሸለቆ ለም ነው፤ ውሃ ቅርብ ነው። ሰው የሚሰፍረው እዚያ ነው። ስለዚህ ከግድብ በላይ ያለ መንደር ስትገቡ፣ ከታች የነበሩ ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ የምታገኙት። እኛ ፎቶ የምናነሳው ውሃ ለአንዳንዱ ሰው የእናቱ ጓሮ ነው።

አንድ ጊዜ አጥራቸውን የሚጠግኑ አዛውንት አገኘን። ሰላም አልናቸው፤ ቀና ብለው ሰላም አሉን። ልጄ «አባባ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ ዓሣ አለ?» አለቻቸው። ሥራቸውን አስቀመጡ። በዱላቸው ወደ ውሃው አሳዩአት። «ዓሣ አለ። ከዚያ ከጉብታዋ ፊት ለፊት ደግሞ የእኛ ጉድጓድ ነበር። ባንቺ ዕድሜ ውሃ እቀዳበት ነበር» አሏት። ልጄ ቆም ብላ አሰበች። «አሁን ሞልቷል?» አለች። አዛውንቱ ለጊዜው ምንም አላሉም። ከዚያ «ሞልቷል፣ ልጄ» አሉ። እኔ ጎን ለጎን ቆሜ አንድም ቃል መጨመር አልቻልኩም።

ያንን ቀን ዙሩን ይዘን ቢሆን ኖሮ እኚያን ሰው ሰላም ብለን እናልፋቸው ነበር። ሰዓት የሚያሳድደው ሰው ቆሞ አያወራም።

መንደር ስትገቡ ልጆቹን ከፊት አድርጉ። ሰው ከልጅ ጋር ቶሎ ይግባባል። የሰው ልጅ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ወላጁን ጠይቁ፤ የእናንተን ልጅ እንግዳ ሰው ሳይጠይቅ ቢያነሳው ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ። ለመንደሩ ልጆች ከረሜላ አትበትኑ። መንገደኛ ባዩ ቁጥር እጅ መዘርጋት ይለምዳሉ፤ ወላጆቻቸውም አይወዱትም። ከዚያ ይልቅ ልጆቹ አብረው ይጫወቱ። አንድ ኳስ ከበቂ በላይ ነው። በር ተከፍቶ ካገኛችሁት ክፍት፣ ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝግ አድርጋችሁ እለፉ። እርሻ መሐል ካለፋችሁ በድንበሩ ላይ አንድ በአንድ ሂዱ። ጥጃ የያዘች ላም ካለች ዞር ብላችሁ እለፉ፤ ጥጃውን ልዳስስ የሚል ልጅ ካላችሁ እጁን ያዙት።

ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ልጁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ቁሙ፣ ዓይን ለዓይን አትግጠሙት። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ተጣርቶ ይመልሰዋል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ ጉዞውን አቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ልጆች ደግሞ ንክሻውን ይደብቃሉ፤ እንዳንቆጣቸው ፈርተው። ከመነሳታችሁ በፊት «ከነከሰህ አልቆጣህም» በሉት።

መንደሩ ከላይ፣ ውሃው ከታች መሆኑን አትርሱ። ላይ የሚደረገው ነገር ሁሉ ታች ይወርዳል። ገበሬው እርከን ሲሠራ አፈሩን ለራሱ ያስቀራል፤ ግድቡንም ከደለል ያድናል። እኛ ደግሞ ጠመዝማዛውን መንገድ ትተን ቁልቁል ስናቋርጥ ቦይ እንቀድዳለን። በሚቀጥለው ዝናብ ያ ቦይ ጎርፍ ይይዛል፣ አፈር ይሸረሽራል። ልጆች ማቋረጥ ይወዳሉ፤ አውቃለሁ። ልጄን ያስቆምኳት የውሃ መፋሰሻውን አሳይቼ ነው። ከላይ ጥቂት ውሃ አፈሰስን፤ በእግራችን በተቀደደው ቦይ እንዴት እንደሚሮጥ ተቀምጠን አየን።

መጸዳጃም እንዲሁ ነው። ብዙ የግድብ ውሃ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል። ልጅ መንገድ ላይ ከያዘው ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ዳይፐር ግን አይቀበርም። ሶፍትም፣ ዋይፐስም እንዲሁ። ሁለት ላስቲክ ደርባችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።

ስለ አየሩ ባጭሩ። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። የፀሐይ ጨረሩ ግን በዚያው ልክ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥልም ማለት ስሕተት ነው። ሰፊ ባርኔጣና ጃኬት ሁለቱም ይያዙ። ታዝሎ የሚሄድ ሕፃን እግሩን አያንቀሳቅስም፤ እናንተ ሲያልባችሁ እሱ ሊበርደው ይችላል። ጣቶቹን በየጊዜው ንኩ። ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነና ከዝቅተኛ ቦታ ከመጣችሁ፣ ትንሽ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ አይነግራችሁም። ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ጨዋታ ይተዋል። እንዲያ ካያችሁ ወደ ታች ውረዱ። ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

መብረቅ ካየ ልጅ ጋር ቁጠሩ። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ከመድረሳችሁ በፊት ከጮኸ ከውሃው ዳር፣ ከግድቡ አናትና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። መቁጠሩ ለልጁ ሥራ ይሆነዋል፤ ፍርሃቱንም ያስረሳዋል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሉለት። ከጠፋ ባለበት ቆሞ ሦስት ጊዜ ይንፋ። ቤት ውስጥ አለማምዱት። ጎረቤት ይቅር ይላችኋል።

የመጨረሻ ነገር። ወደ አንድ ክንድ ደጋግማችሁ ሂዱ። ሌላ አዲስ ቦታ አትፈልጉ። የእኔ ልጆች መጀመሪያ የሄድን ቀን ሣሩ አጠገብ ውሃው የሚደርስበት ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀመጡ። በሌላ ወቅት ስንመለስ ድንጋዩ ከውሃው 17 እርምጃ ርቆ ነበር፤ በታናሿ እርምጃ። ከዝናቡ በኋላ ስንሄድ ደግሞ ድንጋዩ የለም። ትልቋ «ሰርቀውታል» አለች። ታናሿ ሣሩ ጫፍ ላይ ቆማ፣ አንድ እግሯንም ሳታሳልፍ፣ ወደ ውሃው አሳየችን። እዚያ፣ ከሥር፣ ነጭ ነገር ይታያል።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። ሃይላንዱንና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ። ውሃ ባልዲው ውስጥ አለ። ልጆች፣ ተራ በተራ ኑና ብሱት።